የሱዛንን ልቅሶ ማን ደረሰ?

ደሴ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት እየተገናኘን መጽሐፍ የምናነብ ዘጠኝ ሰዎች ነን። ባለፈው ዓመት ከጥቅምት እስከ ሐምሌ ናርኒያ የሚባሉትን ሰባት የእንግሊዝኛ የልጆች ልብወለዶች ተራ በተራ አነበብን። ስድስቱን በፍቅር ጨረስናቸው። ሰባተኛው ግን ቡድኑን ሊበትነው ትንሽ ነበር የቀረው። መጽሐፉ ባለቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ሰዎች መምጣት አቆሙ። ከሦስቱ አንዷ ከሁላችንም በላይ የምታነብ ልጅ ነበረች።

የቡድኑ አስተባባሪ እኔ ነኝ። ሥራዬ እንግሊዝኛ ማስተማር ነው። የሆነውን ከመጀመሪያው ጀምሬ እጽፈዋለሁ። የማንንም ስም አልጠራም። የመጻሕፍቱን ፍጻሜ ግን ሳልደብቅ እናገራለሁ። ገና ያላነበባችሁና ማንበብ የምትፈልጉ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ ለሌላ ቀን አቆዩት።

እማማ ቤት

የምንሰበሰበው ቧንቧ ውሃ አካባቢ እማማ ቤት ነው። እማማ የዚያች ብዙ የምታነበው ልጅ አያት ናቸው። ልጅቷ የምትኖረውም ከእሳቸው ጋር ነው። እማማ እንግሊዝኛ አያነቡም። ቅዳሜን ግን ከማናችንም በላይ ይጠብቋታል። ስንደርስ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ከሰሉ ተያይዟል፣ እጣኑ ይጨሳል። ክረምት ሲገባ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ደጃፉ ድረስ ስለሚመጣ በሩን ዘግተን ምድጃውን እንከባለን።

ሰባቱም መጻሕፍት በአንድ ወፍራም ጥራዝ የታተሙበት አንድ ቅጂ ብቻ ነበረን። የቀረነው በስልክ ነበር የምናነበው። ሁሉም በሳምንቱ ውስጥ ያነባል። ቅዳሜ አንድ ተረኛ ምዕራፎቹን በአማርኛ ይተርካል። ይህን መጀመሪያ ያደረግነው ለእማማ ብለን ነበር። በኋላ የቡድኑ ነፍስ ሆነ። በእንግሊዝኛ ሲያነብ እንደገባው ያሰበ ሰው በአማርኛ ሊተርክ ሲነሳ ያልገባው ቦታ ይታወቀዋል። ትረካው በአቦል ይጀመራል፣ ቶና ላይ ይሞቃል፣ በረካ ላይ ያልቃል። ተረኛው "ተረት ተረት" ሲል "የላም በረት" እንላለን። ሲጨርስ ደግሞ "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" ይላል። እማማም የምር ዳቦ ይቆርሱለታል።

አራቱ የመሰናዶ ተማሪዎች ናቸው። ሁለቱ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲሆኑ አንዱ ከኮምቦልቻ ካምፓስ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ እየወጣ ይመጣል። አንዲት ነርስ አለች። ሰኞ ገበያ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ አለ። ዘጠነኛው እኔ ነኝ። ሙስሊምም ክርስቲያንም ነን። ደሴ ላይ ይህ ለብቻው የሚነሳ ጉዳይ አይደለም። ያነሳሁት ለኋላው ታሪክ ስለሚያስፈልግ ነው።

ስድስቱ መጻሕፍት የሰጡን

ደራሲው ሲ. ኤስ. ሉዊስ የመጀመሪያውን የናርኒያ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1950 አወጣ። ከዚያ እስከ 1956 በየዓመቱ አንድ አንድ እየጨመረ ሰባት አደረሳቸው። እኛ ያነበብናቸው በወጡበት ቅደም ተከተል ነው። አንዳንድ እትሞች በታሪኩ ዘመን መሠረት ስድስተኛውን ወደ ፊት ያመጡታል። የወጡበት ቅደም ተከተል ይሻላል ባይ ነኝ። ቁም ሳጥኑን ከሉሲ ጋር፣ ምንም ሳያውቁ መክፈት አለ።

ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ፒተር፣ ሱዛን፣ ኤድመንድና ሉሲ የሚባሉ አራት ወንድምና እህቶች በቁም ሳጥን ውስጥ አልፈው ናርኒያ የምትባል አገር ይገባሉ። እንስሳት ይናገራሉ። አንዲት ጠንቋይ አገሩን በማያልቅ ክረምት ይዛዋለች። የአገሩ እውነተኛ ጌታ አስላን የሚባል አንበሳ ነው። ቃሉ በቱርክኛ አንበሳ ማለት ነው። ኤድመንድ ለጣፋጭ ብሎ ወንድምና እህቶቹን ለጠንቋይዋ አሳልፎ ይሰጣል። አስላን በእሱ ፈንታ ይሞትለታል፣ ከዚያም ይነሳል።

የአስላን ሞት ሌሊት ላይ ያለውን አንድ ነገር ያዙልኝ። አንበሳው ታስሮ ሲታረድ ከሩቅ ያዩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሱዛንና ሉሲ። ገዳዮቹ ሲሄዱ ሁለቱ ይወጣሉ። አፉ ላይ የታሰረውን ይፈቱለታል። ሬሳው አጠገብ ተንበርክከው እንባቸው እስኪያልቅ ያለቅሳሉ። ብርዱ እያንዘፈዘፋቸው እስኪነጋ አይለዩትም። ያን ቀን ተራኪው ልብስ ሰፊያችን ነበር። እማማ ጀበናውን አስቀምጠው፣ "ጎሽ፣ ሬሳ ብቻውን አላሳደሩም" አሉ።

አምስተኛውን መጽሐፍ በጣም የወደደችው ከመሰናዶ ተማሪዎቹ አንዷ፣ ሙስሊም ልጅ ናት። ታሪኩ ካሎርመን ከሚባል የደቡብ አገር ይነሳል። ሰዎቹ ጠይሞች ናቸው፣ ጥምጥም ይጠመጥማሉ፣ ጎራዴያቸው ቆልማማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ተደርገው ነው የሚሳሉት። ግን አራቪስ የምትባል ካሎርመናዊት አለች። ያለ ፈቃዷ ሊድሯት ሲሉ በጦርነት የሞተ ታላቅ ወንድሟን የጦር ልብስ ለብሳ በፈረስ ታመልጣለች። በኋላ የጎረቤት አገር ንግሥት ትሆናለች። ልጅቷ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ አራቪስ ብቻ አወራች።

ስድስተኛው መጽሐፍ ደግሞ ሁላችንንም ያዘን። ዲጎሪ የሚባል ልጅ እናቱ ልትሞትበት ነው። አስላንን ያድናት ዘንድ ይለምነዋል። ቀና ሲል የአንበሳው ዓይኖች በእንባ ተሞልተው ያያል፤ ከእሱ ይልቅ አንበሳው ያዘነ እስኪመስለው ድረስ። በኋላ ከናርኒያ የመጣ ፍሬ እናቱን ያድናታል። ሉዊስ የራሱን እናት ያጣው በ1908፣ ገና በዘጠኝ ዓመቱ ነው። ይህን ስነግራቸው ነርሷ፣ "ለራሱ ያላገኘውን ለልጁ ሰጠው ማለት ነው" አለች።

እንግዲህ ስድስቱ መጻሕፍት ሁለት ቃል ገብተውልናል። አንደኛው በግልጽ የተነገረ ነው። አራቱ ሲነግሡ አስላን አንድ ጊዜ የናርኒያ ንጉሥ ወይም ንግሥት የሆነ ሰው ሁልጊዜም ንጉሥ ወይም ንግሥት ነው ይላቸዋል። ሁለተኛው በቃል አልተነገረም፤ በታሪኩ ውስጥ ግን ደጋግሞ ታይቷል። እዚህ አገር ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ሟቹ አንበሳው ሲሆን ልጃገረዶቹ ያለቅሱለታል። ልጁ ሲያዝን አንበሳው ያለቅስለታል።

ሰባተኛው

ሰባተኛው መጽሐፍ "የመጨረሻው ጦርነት" ነው። አጀማመሩ አልከፋንም። አንድ ተንኮለኛ ዝንጀሮ የአንበሳ ቆዳ ያገኛል። የዋሁን አህያ ያለብሰውና "አስላን ተመለሰ" ብሎ ያስወራል። ከካሎርመኖች ጋር ተስማምቶ ዛፉን ያስቆርጣል፣ እንስሳቱን ባሪያ ያደርጋል። አያቶቻችን የነገሩን ተረት ይመስላል። እማማ ሳቁ፣ ተናደዱም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከበደ። ንጉሡ ቲርያን አዲስ ሰው ነው። ከበፊቶቹ ልጆች ሁለቱ፣ ዩስታስና ጂል፣ ይመጣሉ። አብረናቸው ያደግናቸው ፒተርና ሉሲ ግን ከአሥራ ስድስቱ ምዕራፎች አብዛኛው ካለፈ በኋላ ነው ዋናው ታሪክ ውስጥ የሚገቡት። ገጽ ከገጽ አንድ በረት ዙሪያ ይዋጋሉ፣ ይሸነፋሉ። አስላን አይመጣም። ሲመጣም አገሩን ለማዳን አይደለም። ከዋክብት ይረግፋሉ፣ ፀሐይ ትጠፋለች፣ ፒተር የበረቱን በር በወርቅ ቁልፍ ይቆልፈዋል። ናርኒያ አለቀች። ከበሩ ወዲህ ግን ሌላ ናርኒያ አለች። ያለቀችው ጥላዋ ነበረች፣ እውነተኛዋ ይቺ ናት ይባላል። የድሮ ወዳጆች ሁሉ እዚያ ተሰብስበዋል፤ በአንድ ምዕራፍ ሰላምታ ተለዋውጠው ያልፋሉ። መጨረሻ ላይ አስላን ልጆቹን እናንተም ሞታችኋል፣ የባቡር አደጋ ነበር ይላቸዋል። እናትና አባታቸውም አብረው ሞተዋል። ይህም እንደ ምሥራች ነው የሚነገረው።

ሱዛን የለችም። የት አለች ተብሎ ሲጠየቅ ፒተር በአጭሩ ከእንግዲህ የናርኒያ ወዳጅ አይደለችም ይላል። ሌሎቹ ይጨምራሉ። አሁን የምታስበው ስለ ናይለን ካልሲ፣ ስለ ሊፕስቲክና ስለ ግብዣ ብቻ ነው ይላሉ። ከዚያ ፒተር ይህን አሁን እንተወው፣ ዛፎቹን እዩ፣ ፍሬውን እንቅመስ ይላል። ስለ ሱዛን የተባለው በቃ ይኸው ነው። ያን ጊዜ መሞታቸውን ገና አላወቁም፤ ይህን ለፍትሕ ያህል ልናገር። ደራሲው ግን ያውቃል።

የመጨረሻውን ምዕራፍ የተረከው የኮምቦልቻው ተማሪ ነው። ሲጨርስ "ተረቴን መልሱ" ማለቱን ረሳው። ማንም አላስታወሰውም። በረካው ቀዘቀዘ።

መጀመሪያ የተናገረው ከመሰናዶ ተማሪዎቹ አንዱ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ይህ ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ሐረጎን በእግሩ ወርዷል። ሲመለሱ ቤታቸው በር እንኳ አልነበረውም። "ቤቴ ሲፈርስብኝ 'አይዞህ፣ ይሄ ጥላው ነው፣ ዋናው ሌላ ቦታ አለ' ብትሉኝ እቀየማችኋለሁ" አለ። "ናርኒያን እኮ እወዳት ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላዘኑላትም።" በትክክል ለመናገር መጽሐፉ ውስጥ ያዘኑ አሉ። ሉሲ ለናርኒያ ስታለቅስ ፒተር ሊያስቆማት ይሞክራል። ቲርያን ግን እናቴን ስትሞት አይቻለሁ፣ አለማዘን ነውር ነው ይላል። በመጽሐፉ ውስጥ የምወደው ቦታ ያ ነው። ግን ገጹ ሲገለጥ ሁሉም ደስ ይላቸዋል፤ የቲርያን ቃል ተረስቶ ይቀራል።

ቀጥላ የአራቪስ ወዳጅ ተናገረች። አራቪስ የት ሄደች? ካሎርመኖች እንደገና አንድ ጅምላ ሆነዋል። በመጽሐፉ ውስጥ ድንኮቹ የቆዳ ቀለማቸውን እየጠሩ ይሰድቧቸዋል። ኤሜት የሚባል አንድ ካሎርመናዊ ወታደር ብቻ ይለያል። ዕድሜውን ሙሉ ታሽ የሚባለውን የአገሩን አምላክ በቅንነት አገልግሏል። አስላን ግን ያቅፈዋል። በቅንነት የሠራኸው መልካም ነገር ሁሉ ለእኔ የተሠራ ነው ይለዋል። ስሙ በዕብራይስጥ እውነት ማለት ነው። ሥሩም የእኛ "አመነ" እና "አሜን" ካሉበት ጋር አንድ ነው። ልጅቷ ይህን ምዕራፍ ወዳዋለች። "ግን ከአንድ አገር ሙሉ ሰው አንድ ጥሩ?" አለች። መልስ አልነበረኝም።

ዝንጀሮውን በተመለከተም ተናገረች። ዝንጀሮው አስላንና ታሽ አንድ ናቸው እያለ ሁለቱንም ስም አጋጥሞ ይጠራል፤ ሰዉን ለመግዛት እንዲመቸው ነው። "እኛ ሰፈር ማንም አንድ ነን አይልም" አለች። "ሠርግ ሲሆን የሙስሊሙ ሥጋ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳል። ሙሽሮቹን ግን አብረን እንዘፍንላቸዋለን። እዚህ መጽሐፍ ላይ ወይ ውሸት ደባልቆ መግዛት ነው፣ ወይ መዋጋት ነው። እኛ የምንኖረው ኑሮ የለበትም።" እስከ ዛሬ ስለ መጽሐፉ ከሰማሁት ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

የእማማ የልጅ ልጅ ዝም አለች። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። "ኤድመንድ ወንድሙንና እህቶቹን ለጣፋጭ ሸጠ። ይቅር ተባለ፣ ነገሠ። ሱዛን ሊፕስቲክ ተቀባች።" ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች።

ሁላችንም ተናደድን ማለት ግን አይደለም። ነርሷ መጽሐፉን ደግፋለች። የምትሠራው ሰው ብዙ በሚሞትበት ክፍል ነው። "እናንተ ያነበባችሁት ከሚቀረው ሰው ወገን ሆናችሁ ነው። እኔ ከሚሄደው ወገን ሆኜ አነበብኩት" አለች። በሩ ሲከፈት ጨለማ ሳይሆን ዛፍና ብርሃን መታየቱ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ውስጥ እየተባለ መሮጡ እሷን አጽናንቷታል። ይህን ሐሳቧን አልቀየረችም። እኔም እንድትቀይር አልፈልግም።

ያጠፋሁት

ጥፋቱ በከፊል የእኔ ነው። አንደኛ፣ ከጥቅምት ጀምሮ መጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል እያልኩ አጉልቼዋለሁ። መጽሐፉ የ1956ን የካርኔጊ ሜዳሊያ ማግኘቱንም ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። ሽልማቱ እንግሊዝ ውስጥ ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጥ ትልቅ ክብር ነው። እውነት ነው፣ ሸልመውታል። ያ ግን ለአንድ ያዘነ አንባቢ ምንም አይፈይድለትም።

ሁለተኛው ጥፋቴ ይብሳል። ልጆቹ ሲናገሩ አስተማሪነቴ መጣ። ተምሳሌት ነው አልኳቸው። ስለ ዓለም ፍጻሜ የተጻፈ ነው፣ የጥላና የእውነተኛው ነገር ሐሳብ ከግሪካዊው ፈላስፋ ከፕላቶን የመጣ ነው፣ መጽሐፉ ራሱ ፕላቶንን ይጠቅሳል እያልኩ ግማሽ ሰዓት አብራራሁ። ሁሉም ትክክል ነበር። ልብ ለተሰበረ ሰው ግን የተሰበረበትን ምክንያት ማስረዳት ማጽናናት አይደለም። ሁለት ቅዳሜ አለፈ። ሐረጎን በእግሩ የወረደው ልጅ ቀረ። የአራቪስ ወዳጅ ቀረች። የእማማ የልጅ ልጅ እዚያው ቤት፣ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጣ አልወጣችም። ድምፃችንን ትሰማለች፣ ስኒውንም ትሰማለች፤ አትወጣም። እንደዚያ ያፈርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

የእማማ ጥያቄ

በሦስተኛው ቅዳሜ ስድስት ሆነን ተቀመጥን። ቡድኑን ለክረምቱ ብንዘጋውስ ብዬ ጀመርኩ። እማማ አቋረጡኝ።

"ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያቺ የቀረችው ልጅ ስንት ሰው ነው የሞተባት?"

ቆጠርን። ፒተር፣ ኤድመንድ፣ ሉሲ። እናት፣ አባት። የአክስቷ ልጅ ዩስታስ። ስድስት፣ በአንድ ቀን።

"ታዲያ ልቅሶዋን ማን ደረሰ?"

ማንም መልስ አልሰጠም።

"አልደረሳችሁም" አሉ እማማ። "እናንተ ጥፋተኛ ናት አይደለችም ትላላችሁ። እህቷና ወንድሞቿ ፍሬ ይበላሉ። ስድስት ሬሳ ያለባት ልጅ ቤቷ ብቻዋን ተቀምጣለች። የእኔዋም ልጅ ለዚህ ነው ጓዳ የገባችው። ይሄ ተረት አላለቀም።"

እኔ ይህን መጽሐፍ በሕይወቴ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሱዛን ሐዘንተኛ መሆኗን አንድ ጊዜም አስቤው አላውቅም። ስለ እሷ የሚነሳው ክርክር ሁሉ ገነት ስለ መግባቷና ስለ አለመግባቷ ነው። እማማ ግን መጽሐፉ የጨረሰበትን ትተው ሕይወት ከሚቀጥልበት ቦታ ያዙት። በሬሳ አጠገብ ሌሊቱን ሙሉ ያደረችው ያቺው ሱዛን ናት። የአንበሳውን ልቅሶ ደርሳለች። የእሷ ቀን ሲመጣ ግን አንድም ሰው አልመጣም። ሰባተኛው መጽሐፍ ያሳዘነን ጨለማ ስለሆነ ወይም ሰው ስለሞተበት እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ። ናርኒያ ውስጥ ድሮም ሞት ነበረ። ያሳዘነን ስድስቱ መጻሕፍት የኖሩበትን ወግ ሰባተኛው ማፍረሱ ነው።

ማታ ቤቴ ገብቼ አንድ የማውቀውን ነገር እንደገና አነበብኩ። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ልጆች ስለ ሱዛን ሉዊስን በደብዳቤ ይጠይቁት ነበር። በ1957 ለአንድ ልጅ ሲመልስ ሱዛን በሕይወት እንዳለች፣ ለመስተካከል ብዙ ጊዜ እንዳላት፣ ምናልባትም በመጨረሻ በራሷ መንገድ አስላን አገር ልትደርስ እንደምትችል ጻፈ። በ1960 ደግሞ ለሌላ አንባቢ የሱዛን ጉዞ እሱ ሊጽፍ ከፈለገው የረዘመና የአዋቂ ልብወለድ የሚመስል ታሪክ እንደሚሆንበት ነገራት። ከዚያም ለምን አንቺ ራስሽ አትሞክሪውም አላት። ተረቱን መለሰላት ማለት ነው። ቀድሞ ይህን ደብዳቤ እንደ ደራሲ ማምለጫ ነበር የማየው። አሁን ሌላ ሆኖ ታየኝ።

ቅዳሜው

ለሦስቱም ደወልኩ። ስለ መጽሐፉ አንከራከርም አልኳቸው። የሱዛን ልቅሶ ነው፤ አንድ ቀን ብቻ ኑ። ሁሉም መጡ። የእማማ የልጅ ልጅ መጋረጃውን ገልጣ ወጥታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

እማማ ቄጠማውን አላስጎዘጎዙም። ንፍሮ ቀቅለው ጠበቁን። ጨዋታ እንዳልሆነ የገባን ያኔ ነው። ደብዳቤዎቹን በአማርኛ ነገርኳቸውና ዝም አልኩ። እያንዳንዱ ሱዛን ቤት ቢሄድ ምን እንደሚያደርግ በተራ ተናገረ።

ልብስ ሰፊው ከል እሰፋላታለሁ አለ። ልኳን አልጠይቃትም፣ በዓይኔ እለካለሁ፣ ሐዘንተኛ ቆሚ ተብላ አትለካም አለ። ነርሷ ሦስቱን ሌሊት አብራት እንደምታድር ነገረችን። ሰው የሚከብደው ቀን አይደለም፣ ሁሉም ሲሄድ ያለው ሌሊት ነው አለች። የኮምቦልቻው ተማሪ ድንኳን የሚተክሉትን የእድር ልጆች አስተባብራለሁ አለ።

የአራቪስ ወዳጅ ብቻዋን አልሄድም አለች፤ አራቪስን ይዣት ነው የምሄደው። ታስታውሳላችሁ አለችን፣ የካሎርመን ልዑል ሱዛንን በግድ ሊያገባ ሠራዊት ሲያዘጋጅ ተደብቃ የሰማችውና በረሃውን ያቋረጠችው አራቪስ ናት። ታላቅ ወንድሟ በጦርነት ሞቶባታል። ወንድም ማጣትን ታውቃለች። ስለዚህ አራቪስ ትግባና ትቀመጥ። "አላህ ሶብሩን ይስጥሽ ትበላት" አለች። ከካሎርመን የመጣች ሴት የናርኒያን ንግሥት ስታጽናና አየናት። መጽሐፉ ውስጥ ያጣነው ኑሮ እዚህ ነበር።

ሐረጎን በእግሩ የወረደው ልጅ ተራው ሲደርስ ቶሎ አልተናገረም። በኋላ፣ "እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ምንም አልላትም። ይሻላል አልላትም። የተሻለ ቦታ ሄዱ አልላትም" አለ። ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ። ነርሷ ንፍሮውን አቀበለችው።

የእማማ የልጅ ልጅ የመጨረሻዋ ነበረች። ስለ ቀንደ መለከቱ ተናገረች። በመጀመሪያው መጽሐፍ ለሱዛን ቀስትና ቀንደ መለከት ይሰጣታል። ቀንደ መለከቱ ሲነፋ እርዳታ ይመጣል። በሁለተኛው መጽሐፍ አራቱንም ከእንግሊዝ ወደ ናርኒያ የጠራቸው እሱ ነው። "አሁን ግን የላትም። ብትነፋውም የሚሰማት ሁሉ ሞቷል" አለች። "እኔ እዚያ ሄጄ ሰማሁሽ እላታለሁ።"

እማማ ስኒ አስቀመጡ። "አብሽሪ በያት" አሉ። "አብሽሪ በያት፣ እኛ አለን።"

ከዚያ ወዲህ

ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልልም። ሐረጎን የወረደው ልጅ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አልመጣም። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፣ ስለምናነበው ይጠይቀኛል። መጨረሻ ላይ ቤት የሚፈርስበት መጽሐፍ እንዳላስነብባቸው ነግሮኛል። የአራቪስ ወዳጅ ተመልሳለች። ሰባተኛውን መጽሐፍ ግን ዳግም እንደማትነካው በግልጽ ነግራኛለች። መብቷ ነው።

ስድስቱስ መጻሕፍት? የመጨረሻው ከፋ ብሎ የፊቶቹን መጣል አግባብ አይደለም። ሱዛን በአንበሳው ሬሳ አጠገብ ያደረችበት ሌሊት አሁንም እንደነበረ ነው። ሰባተኛውንም ቢሆን ለአዲስ አንባቢ አልከለክልም። ኤሜት አለበት፣ የቲርያን ሐዘን አለበት፣ ነርሷን ያጽናና ብርሃን አለበት። ግን ከእንግዲህ አስቀድሜ አላሞግሰውም። የሚያነብ ሰው ሲጨርሰው ብቻውን እንዳይሆን፣ በሚቀጥለው ቀን ቤቱ ሄጄ ቡና እጠጣለሁ።

አሁን ሌላ መጽሐፍ ጀምረናል። የእማማ የልጅ ልጅ ከእኛ ጋር እያነበበች፣ ለብቻዋ ደግሞ ደብተር ይዛለች። ሱዛን ከባቡር አደጋው ማግስት ጀምሮ ያለውን ታሪክ በአማርኛ እየጻፈች ነው። ቀን በቀን ነው የምትጽፈው። የመጀመሪያው ቀን ብቻ ስምንት ገጽ ሆኗል። ለማንም አላነበበችም፤ ለእማማ ብቻ ማታ ማታ ትነግራቸዋለች።

ባለፈው ቅዳሜ ጫማችንን አውልቀን ሳንቀመጥ እማማ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ሱዛን ነበር።

"አርባው ወጣ?"

"ገና ነው፣ እማማ" አለች ልጅቷ ደብተሯን እየገለጠች። "አሥር ቀን ይቀረዋል።"